ደጃፉ የውድድር መንገድ የሆነ ጥንታዊ ቤት ብንገዛስ?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ የሊቨርፑል ነዋሪዎች ነን፤ ሁለታችንም የብሪታንያ ዜግነት አለን። በማን ደሴት፣ ከባላፍ መንደር አለፍ ብሎ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ጥንታዊ ቤት ለሽያጭ ቀርቦ አይተን ወደድነው። ችግሩ የሞተር ብስክሌት ውድድር የሚካሄድበት ጎዳና በደጃፉ ያልፋል። ደላላው «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ድምፁ ከበዛባችሁ ከሳችሁ ታስቆሙታላችሁ፤ ቤቱንም እንደ ፈለጋችሁ ታድሱታላችሁ» ይለናል። ቀብድ እንድንከፍልም እየወተወተን ነው። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ «የማን ደሴት» በአማርኛ ሲነበብ ጥያቄ ይመስላል፤ ለእናንተ ጉዳይም መነሻው ይኸው ጥያቄ ነው። ደሴቲቱ በብሪታንያ ዘውድ ሥር ያለች ናት እንጂ የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም። ቲንዋልድ የሚባል የራሷ ፓርላማ፣ የራሷ ፍርድ ቤቶችና የራሷ የመሬት መዝገብ አሏት። ስለዚህ ሊቨርፑል የምታውቁት ጠበቃ እዚህ አይበቃችሁም፤ በደሴቲቱ ለመሥራት ፈቃድ ያለው ጠበቃ መያዝ አለባችሁ። እኔም የምጽፍላችሁ ያንን ጠበቃ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት እንድታውቁ ነው።

ከክሱ ልጀምር፤ ደላላው እጅግ ያቀለለው እሱን ነውና። ወሬውን ከየት እንደቃረመው እገምታለሁ። እንግሊዝ ውስጥ ሰፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ሚልደንሆል አጠገብ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቤት ገዙ። ከቤቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሞተር ብስክሌትና የመኪና ውድድር የሚደረግበት ስታዲየም፣ ከእሱም ጀርባ የሞቶክሮስ (ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ሜዳ የሚደረግ የሞተር ብስክሌት ውድድር) ሜዳ ነበር። እኛ አገር «ሁከት ይወገድልኝ» ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2014 ረቱ። ፍርድ ቤቱ «ድምፁ ቀድሟችሁ ነበር፤ እያወቃችሁ መጣችሁ» የሚለውን መከላከያ አልተቀበለም። የፕላን ፈቃድ ማግኘትም በራሱ ጎረቤትን የመረበሽ መብት አይሰጥም አለ።

ለጎረቤት ደስ የሚል ፍርድ ነው፤ ለእናንተ ግን አይደርስላችሁም። እዚያ የተከሰሱት የግል ሜዳ ባለቤቶችና አዘጋጆች ነበሩ። የእናንተ ደጃፍ ግን ሜዳ ሳይሆን የሕዝብ መንገድ ነው፤ መንገዱ ለውድድር የሚዘጋውም ቲንዋልድ በ2016 ባወጣው የመንገድ ውድድሮች ሕግ መሠረት ነው። ቲቲ የሚባለው የደሴቲቱ የሞተር ብስክሌት ውድድር በ1907 ተጀመረ፤ በደጃፋችሁ በሚያልፈው «የተራራው መስመር» መካሄድ የጀመረው በ1911 ሲሆን፣ መስመሩ ዛሬ 60.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕግ አውጪው የፈቀደው ሥራ በጥንቃቄ እስከተሠራ ድረስ፣ ሊቀር በማይችለው ድምፁ በሁከት አያስከስስም፤ ይህ የቆየ የኮመን ሎው (በዳኞች ውሳኔ የዳበረው የእንግሊዝ ሕግ) መርህ ነው። የሚልደንሆሉ ፍርድም በደሴቲቱ ዳኞች ዘንድ ክብደት ይሰጠዋል እንጂ አያስገድዳቸውም። ቲቲን እስካሁን ያስቀሩት ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች፣ በ2001 የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ፣ በ2020 እና በ2021 ደግሞ ኮቪድ ናቸው። ሞተር ብስክሌት ከመንገድ ወጥቶ አጥራችሁን ቢያፈርስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከቤት መድን ሰጪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ የሣር ክዳን ስላለው ቤቱን ሁሉም መድን ሰጪ በደስታ አይቀበለውም።

«ሁለት ሳምንት ብቻ» የሚለውም ጎደሎ ነው። ቲቲ ከነልምምዱ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ይካሄዳል፤ በኦገስት ደግሞ ማንክስ ግራንድ ፕሪ የሚባል ሌላ የሞተር ብስክሌት ውድድር በዚያው መስመር ይመጣል። እኔን ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ በራችሁ ነው። መንገዱ በተዘጋባቸው ሰዓታት ያለ ፈቃድ ወደ መንገዱ መግባት ወንጀል ነው፤ መኪናችሁ በደጃፍ በኩል አይወጣም። ስለዚህ ለጠበቃችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ቤቱ በጀርባ መውጫ አለው ወይ? ካለውስ በማን መሬት ላይ ያልፋል? የአሁኑ ባለቤት በጎረቤት መስክ የሚያልፈው በወዳጅነት ከሆነ፣ ወዳጅነቱ ከቤቱ ጋር አይሸጥም። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የንብረት አገልግሎት» ከሚለው ጋር የሚመሳሰል የመተላለፊያ መብት በሰነድ ላይ ሰፍሮ መገኘት አለበት። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ቤት ስንገዛ ዓይናችን ቤቱ ላይ ያርፋል፤ እዚያ መሬቱም አብሮ ስለሚሸጥ ወሰኑን፣ አጥሩንና ኮረኮንቹን መንገድ ሁሉ በካርታ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የቆየ ቤት ከሆነ ገና በመሬት መዝገብ ያልገባ፣ በአሮጌ የውል ወረቀቶች ብቻ የቆመ ሊሆንም ይችላል። አጥሩ አጠገብ ያለው መሬት በውድድር ጊዜ ሰው እንዳይቆምበት የተከለከለ እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

እድሳቱን በተመለከተ፣ «ጥንታዊ» የሚለው የማስታወቂያ ቃል በሕግ ፊት ምንም አይደለም። የሚጠየቀው ቤቱ በተጠበቁ ሕንፃዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም ነው። ከገባ፣ በ1999 የፕላን ሕግ መሠረት የቤቱን ታሪካዊ ባሕርይ የሚነካ ለውጥ ለማድረግ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሣሩን አንስቶ በሌላ ክዳን መተካት ወይም የእንጨት መስኮቱን በፕላስቲክ መቀየር ዋነኞቹ ምሳሌዎች ናቸው። ያለ ፈቃድ መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል። የቀድሞው ባለቤት ፈቃድ ሳይጠይቅ የሠራው ነገር ካለ ደግሞ «ወደ ነበረበት መልሱ» የሚለው ትእዛዝ የእናንተን በር ሊያንኳኳ ይችላል። ሻጭ ሳይጠየቅ ጉድለቱን የመዘርዘር ግዴታ ስለሌለበት፣ ጠበቃችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።

በውድድር ሰሞን ክፍል ለተመልካች ማከራየት ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት በደሴቲቱ የቱሪዝም ሕግ መሠረት ምዝገባ ያስፈልጋችኋል፤ የኪራይ ገቢውም እዚያው ግብር ይከፈልበታል። የምሥራች ካስፈለጋችሁ፣ ደሴቲቱ በቤት ግዢ ላይ የቴምብር ቀረጥ አታስከፍልም፤ የምዝገባ ክፍያ ብቻ ነው ያለው። ተዛውራችሁ እዚያ ልትሠሩ ካሰባችሁ ግን የብሪታንያ ዜግነታችሁ የሥራ ፈቃድ ከመጠየቅ አያድናችሁም።

ቀብዱ በተለምዶ የዋጋው 10 በመቶ ነው፤ የሚከፈለውም ውሉ ሲፈረም በጠበቆች በኩል ነው። ከዚያ በፊት ለደላላው በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ የለም።