ከአፕዴት በኋላ ዋይፋይ ስለሚጠፋበት ላፕቶፕ

ከመሐል ሜዳ የጠየቁን ወንድማችን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከጫኑበት ጊዜ ጀምሮ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ዋይፋዩ እንደሚጠፋባቸው ገልጸው፣ «ሊኑክስ በሃርድዌር በኩል አይታመንም ማለት ነው?» ብለዋል። እዚህ ደብረ ብርሃን በኮምፒውተር ጥገና ስለምተዳደር ይኸው ችግር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል፤ በእኔ እምነት ነገሩን የሚወስነው ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከየት መጣ የሚለው ነው።

አብዛኛው የሊኑክስ ድራይቨር የከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አካል ስለሆነ፣ የከርነሉን አሠራር የሚለውጡት ባለሙያዎች ድራይቨሩንም አብረው ያስተካክሉታል። የኢንቴል የዋይፋይ ካርዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከውጭ የተጨመረ ድራይቨር ግን ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ኮምፓይል መደረግ (ከምንጭ ኮዱ ተነሥቶ መሠራት) አለበት። ይህን ዲኬኤምኤስ የተባለው ፕሮግራም በራሱ ያከናውነዋል፤ ይሁንና የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች (ድራይቨሩን ለመሥራት የሚያስፈልጉ የከርነሉ ፋይሎች) ከሌሉ ሥራው ይከሽፋል።

አንዲት መምህርት ከደብረ ሲና ያመጡልኝ ላፕቶፕ በትክክል ይህ ደርሶበት ነበር። ካርዱ ተቃጥሏል ተብለው በዩኤስቢ የሚሰካ ሌላ ሊገዙ ተዘጋጅተው ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኢስኬፕ ተጭኜ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ውስጥ የቀድሞውን ከርነል ስመርጥ ዋይፋዩ ወዲያው ተመለሰ፤ ካርዱ ጤነኛ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። መጀመሪያ የጫነላቸው ሰው ሄደሩን ያወረደው ለዚያን ዕለቱ ከርነል ብቻ ነበር። ስልካቸውን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝተን በቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ በማጋራት) ኢንተርኔት ካገኘን በኋላ «ሊኑክስ-ሄደርስ-ጄነሪክ» የተባለውን ፓኬጅ ጫንን፤ ይህ ፓኬጅ ካለ ከየአዲሱ ከርነል ጋር ሄደሩም አብሮ ይመጣል። ለቴዘሪንግ የሚያስፈልገው ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ ስላለ ዋይፋይ በጠፋ ጊዜ ይህን መንገድ አይርሱት።

ሴኪውር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሶፍትዌሩን ዲጂታል ፊርማ የሚያጣራው መከላከያ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ያልተፈረመበት ድራይቨር አይነሣም። ኡቡንቱ ከውጭ የመጣ ድራይቨር ሲጭን የይለፍ ቃል ያስመርጥና በቀጣዩ መነሣት ላይ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ ብዙ ሰው «ኮንቲኒው ቡት» ብሎ ያልፈዋል፤ መመረጥ ያለበት ግን «ኢንሮል ሞክ» (የፊርማውን ቁልፍ መዝግብ) የሚለው ነው።

ወደፊት ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሳይጭኑት ከፍላሹ አስነሥተው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃን ይሞክሩ፤ ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት በትክክል መመለሱንም ይዩ። ሻጩ ቢቸኩልም ይህን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ፤ የላፕቶፑ ስም አንድ ሆኖ በውስጡ ያለው የዋይፋይ ቺፕ ሊለያይ ይችላልና።

ለአሁኑ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው የ«ኤልኤስፒሲአይ»ን ትእዛዝ «ኬ» ከሚለው አማራጭ ጋር (lspci -k) ያስኪዱና፣ በዋይፋይ ካርዱ ሥር «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር መኖሩን ይመልከቱ። መስመሩ ከሌለ ድራይቨሩ አልተነሣም ማለት ነው፤ የቺፑን ስም ገልብጠው ይላኩልን፤ በከርነሉ ውስጥ ድራይቨር እንዳለውና እንደሌለው አብረን እናያለን።