ጣውንት፣ ውርስና የሚስት ድርሻ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ከአንድ በላይ ማግባት በወንድና በሴት መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ያሰፋል። ውርሱን ብቻ እንይ። በሸሪዓ ልጅ ያለው ሰው ሲሞት ለሚስቱ የሚደርሳት አንድ ስምንተኛ ነው። ሚስቶቹ አራት ከሆኑ ያችኑ አንድ ስምንተኛ ለአራት ይካፈላሉ። ሚስት ልጅ ትታ ስትሞት ግን ባል ሩብ ይወርሳል፤ አራቱም ቀድመውት ቢሞቱ ከእያንዳንዷ ሙሉ ሩብ። በሚስት ቁጥር የእነሱ ድርሻ ይሸነሸናል፣ የሱ አይነካም። በብር እናስላው፦ በባል ስም ያለ ቤት 1,000,000 ብር ቢያወጣ፣ አንድ ሚስት ብቻ ካለች 125,000፣ አራት ከሆኑ እያንዳንዳቸው 31,250 ብር። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሆኖ አንዲት ሚስት በመደበኛ ፍርድ ቤት ብትጠይቅ ግን ግማሹ፣ 500,000 ብር፣ ከውርስ በፊት የራሷ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ከዚያ በላይ የላትም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችምና።

ስለዚህ ጉዳዩ የሚታይበት ፍርድ ቤት ወሳኝ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ነው። ነገር ግን በአዋጅ 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ይቆጠራል። መጥሪያ ከደረሳችሁ አትቅሩ!

አስተያየት (ከደሴ)፦ የባል የማኖር ግዴታና የመህር (ባል ሲያገባ ለሚስቱ የሚሰጠው ወይም ቃል የሚገባላት ንብረት) ነገርስ ለምን ተዘለለ? መህር የሴቷ ብቻ ነው።

አስተያየት (ከጅማ)፦ ሳይከፈል የቀረ መህር ምን ይጠቅማታል?

መልስ፦ ያልተከፈለ መህር ዕዳ ነው፤ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይነሳል። መጠኑ ኒካሁ (የጋብቻ ውሉ) ላይ ይጻፍ። የማኖር ግዴታው ግን ባል ሲሞት ያበቃል። የሃይማኖት ክርክሩን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የትኛው ሕግ? የት ክልል? እንዲህ ሲጠየቅ መልስ የለኝም። የ1992ቱ የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ (አዲስ አበባና ድሬዳዋ) በአንቀጽ 11 ከአንድ በላይ ማግባትን ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 650 ይቀጣል፤ አንቀጽ 651 ደግሞ ሕግ የተቀበለውን የሃይማኖት ወይም የባህል ጋብቻ ከቅጣቱ ያወጣል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ባል የጋራውን ቤት ለሁለተኛዋ በስጦታ ሊያዛውር ነው።

መልስ፦ የፌዴራሉ ቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ካርታው በሱ ስም ብቻ መሆኑ ለውጥ የለውም፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ንብረቱ የጋራ ነው። ሳይዛወር እግድ ትጠይቅ። ከተዛወረ ውሉን ለማፍረስ ካወቀችበት ቀን 6 ወር አላት፤ ባታውቅም ከውሉ ቀን 2 ዓመት ካለፈ አይሆንም። ብዙዎቹ የሚሸነፉት በዚህ ነው፤ ሽማግሌ ሲያመላልሳቸው ስድስቱ ወር ያልቃል።

አስተያየት፦ ይኼ ነገር እኮ ድሮ ቀርቷል።

መልስ፦ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከባለትዳር ሴቶች 11 በመቶው ጣውንት አለባቸው።

አስተያየት፦ ሴቷ ፈቅዳ ከገባች ምን ቸገረን?

መልስ፦ መፍቀዷ ስሌቱን አይለውጠውም። ቀጣይ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ሁለተኛዋ ሚስትና ልጆቿስ?

መልስ፦ ልጆቿ ከመጀመሪያዋ ልጆች እኩል ናቸው፤ ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውንም አይለይም። ለእሷ ግን የፌዴራሉ ሕግ ቁርጥ ያለ የድርሻ ቀመር አላስቀመጠም። ንብረቱ መቼና በማን ጉልበት እንደተፈራ ማስረዳት የሷ ሸክም ይሆናል። ቀን ያለው ደረሰኝ፣ የቤት ሥራ ውል፣ የባንክ ወረቀት በስሟ ታስቀምጥ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አንዲት ባለጣውንት ሴት የሸሪዓ ፍርድ ቤት መጥሪያ ትናንት ደረሳት። ባትሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ፦ አትቅር! በቀጠሮው ቀን ትቅረብ፤ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳትገባ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልፈቀድኩም» የሚል መቃወሚያ በጽሑፍ ታስገባ። ሁለት ቅጂ ታዘጋጅ፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማህተም ያሳርፍላት፣ እሱን ይዛ ትመለስ።