ማተብ ነው ማህተብ? ደግሞስ የማን ነው?

የዛሬው ጥያቄ ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ ተማሪ ነች። እንዲህ ትላለች፦ «ሰፈራችን ውስጥ እህል የሚሸጡ አንድ ሙስሊም እናት አሉ። አንድ ወጣት የዱቤውን ሳይከፍል ሲያመላልሳቸው ‹አንተ ማተብ የለህም እንዴ?› አሉት። ልጁም ሙስሊም ነው። እኔ ሳቄ መጣ። ማተብ የክርስቲያን ምልክት አይደለም ወይ? ተሳስተው ነው? ደግሞ ስጽፈው ‹ማህተብ› ልበል ‹ማተብ›?»

ቀላሉ የፊደሉ ጉዳይ ነውና እሱን እናስቀድም። «ህ» የለበትም። ግዕዙ «ማዕተብ» ነው፤ «ዐተበ» ከሚለው ግሥ የወጣ። ዐተበ ማለት የመስቀል ምልክት አደረገ፣ ባረከ ማለት ነው። «ዐጠነ» ካለው «ማዕጠንት» እንደሚገኝ፣ «ዐተበ» ካለው «ማዕተብ» ተገኘ። አማርኛ መካከል ላይ ያለውን «ዕ» ዋጠና «ማተብ» አለ። «ማዕድ» ጽፈን «ማድ» የምንለው በዚሁ ልማድ ነው።

ታዲያ «ህ» ከየት መጣች? ከ«ማኅተም» ተውሳ ይመስለኛል። ማኅተም ግን ሌላ ዘር ነው፤ «ኀተመ» ነው፤ ዛሬ «አተመ»፣ «ማተሚያ ቤት» የምንለው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ምልክት ማኖርን ይናገራሉ። ተደበላለቁ። እውነቱን ማጣራት ከፈለግሽ ግሡን ስሚው። ሰው ሲደነግጥ ያማትባል እንጂ «ያማህትባል» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «አማተበ» እና «ማተብ» አንድ ናቸው። ስለዚህ ማተብ ከመነሻው ክር አይደለም። ምልክት ነው። በእጅ፣ በግንባር ላይ የሚደረግ ምልክት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክርስቲያኖች ግንባራቸው ላይ የአብ፣ የወልድና የመንፈስ ቅዱስን ስም፣ ክንዳቸው ላይ ደግሞ ሰይጣንን የሚክዱበትን ቃል ጽፈው እንዲይዙ ማዘዛቸውን ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። ያም ማተብ ነው፤ ክር ባይኖረውም።

ክሩን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከሶርያዊው ያዕቆብ ጋር ያያይዘዋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አንገት ላይ ይታሰራል። አያቴ ለታናሽ እህቴ ያዘጋጀችውን አልረሳውም። ክሩን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ታከርረዋለች፤ ሲላላባት ምራቋን ጣቷ ላይ እንትፍ ብላ ትመልሰዋለች። መስቀል አልነበረበትም። ክር ብቻ ነበር። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተሽ «ማተብ አሳየኝ» ብትዪ መስቀል ያለበት ሐብል ያወጣልሻል። ወርቅ ሠሪውን አልነቅፈውም፤ ስሙ ከክሩ ወደ ተንጠልጣዩ እየተሻገረ ነው።

ማተብን ከክታብ የሚያምታቱም አሉ። ሁለቱም አንገት ላይ ስለሚንጠለጠሉ ይሆናል። ክታብ «ከተበ» ማለትም «ጻፈ» ከሚለው ነው፤ በውስጡ ጽሑፍ አለ። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይይዘዋል። («ክትባት»ም የዚሁ ዘር ነው። ሕፃን ልጅሽን ጤና ጣቢያ ስታስከትቢ «እያስጻፍሽ» ነው ማለት ነው።)

አሁን ወደ ሳቅሽበት ነገር እንምጣ። ማተብ የክርስቲያን ምልክት ነው ማለትሽ ልክ ነው። እንዲያውም በእኛ አገር ይህ ምልክት ከባድ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ያካሄዱበት ነው። ከዚያ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሳ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ የደሴን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ማለት ናቸው። ብዙው ሰው ግን በልቡ አልተቀበለውም። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የተባለው ያኔ ነው። አስቢው፤ አንገት ላይ ያለች ክር ያንን ቀን ምን ያህል ትከብድ እንደነበር።

እንግዲህ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ክሩ እንዲያ የከበደበት አገር ቃሉን የጋራ አድርጎታል። እንዴት? ሰው «ለማተቤ ስል» ሲል ክሩን አያስብም፤ ሃይማኖቴን፣ ፈጣሪዬን ማለቱ ነው። ከዚያ ደግሞ «ማተብ ያለው» ማለት ቃሉን የሚጠብቅ፣ «ማተብ የለሽ» ማለት ቢምል የማይታመን ሆነ። «ማተቡን በጠሰ» የተባለ ሰው አንገቱ ቢታይ ክሩ እንዳለ ሊሆን ይችላል። በጠሰ የተባለው ታማኝነቱን ነው። ምልክት ክር ሆነ፤ ክሩ ሃይማኖት ሆነ፤ ሃይማኖቱ ደግሞ ዱቤ መክፈል ሆነ።

ስለዚህ እኒያ እናት አልተሳሳቱም። ልጁን «ክር የለህም ወይ» አላሉትም፤ «የምትፈራው የለህም ወይ» ነው ያሉት። መዝገበ ቃላት ቢጽፉ እኔ ከሚጽፉት ጎን እቆማለሁ።

የቃል ብድሩ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ የሄደ አይምሰልሽ። ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር ቆመሽ ጆሮሽን ስጪ። አንገቱ ላይ ጥቁር ክር ያለበት ጎረምሳ «ወላሂ» እያለ ሲምል ትሰሚያለሽ። ክርስቲያኗ ሴትዮ ለጎረቤቷ ቁልፍ ስትሰጥ «አማና ብያለሁ» ትላለች። «አማና» በዐረብኛው በኩል የመጣ ይሁን እንጂ ባዕድ አይደለም። እኛ «አመነ»፣ «እምነት»፣ «አማን» የምንለው፣ ቤተ ክርስቲያን «አሜን» የምትለው፣ መስጊድ «ኢማን» የሚለው ሁሉ ሥሩ አንድ ነው፤ አ፣ መ፣ ነ። ሴማዊ ቋንቋዎች ከጥንት ጀምሮ የተካፈሉት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። በመደበኛ ጽሑፍ ስለ ክሩ ስትጽፊ «ማዕተብ» ማለትም «ማተብ» ማለትም ትችያለሽ፤ ሁለቱም ያስኬዳሉ። በምሳሌያዊው አነጋገር ግን «ማተብ» ይሻላል። «አንተ ማዕተብ የለህም እንዴ?» ያለ ሰው ቄስ ነው ወይም እንደ እኔ ያለ ነዝናዛ ነው።

ይልቅስ ልጁ ዱቤውን ከፈለ ወይስ አልከፈለም? እሱን አልጻፍሽልኝም።