በጨው ስለሚቦረቦር የፒሲኤል ስካፎልድ (ሕዋስ የሚያድግበት ባለ ቀዳዳ ድጋፍ)፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአጥንት ሕዋስ ላሳድግበት ነው። ፒሲኤል ይሻለኛል ወይስ ፒኤልጂኤ?

መልስ፦ ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚፈርሱ ፖሊመሮች (የፕላስቲክ ዓይነቶች) ናቸው፤ ከጥንካሬው በፊት ዕድሜውን ይዩ። ላክቲክና ግላይኮሊክ አሲድ እኩል የገቡበት ፒኤልጂኤ ከ1 እስከ 2 ወር ውስጥ ይፈርሳል፤ አጥንቱ ገና ሳይሞላ ድጋፉ ይጠፋል። ፒሲኤል 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ለጀማሪም ይመቻል። ሸክም ለሚችል አጥንት ግን ብቻውን ለስላሳ ነው።

ጥያቄ፦ አሠራሩን ከነመጠኑ ቢነግሩን?

መልስ፦ የወጥ ቤት ጨው አይሁን፣ አዮዲንና ሌላም ነገር አለበት። የላቦራቶሪ ሶዲየም ክሎራይድ በሁለት ወንፊት ይንፉ፤ የ425 ማይክሮሜትሩን አልፎ የ250ው ላይ የቀረውን ብቻ ይውሰዱ። ጨው ኋላ በውሃ ሟሙቶ ሲወጣ ቦታው ቀዳዳ ስለሚሆን፣ የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው እዚህ ነው።

ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 80,000 ገደማ የሆነ ፒሲኤል 1 ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርም፣ በተከደነ ብርጭቆ፣ ጥርት እስኪል ያማስሉ። 9 ግራም ጨው ጨምረው ያዋህዱና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጠቅጥቀው ይሙሉት። ቅርጽ ማውጫው ብርጭቆ ወይም ቴፍሎን ይሁን፤ የተለመደውን የፕላስቲክ ፔትሪ ሳህን ክሎሮፎርም ራሱን ያሟሟዋል። እስካሁን ያለው ሁሉ ጭስ መሳቢያው ካቢኔ ውስጥ ነው የሚሠራው። እዚያው 24 ሰዓት፣ ቀጥሎ ቫኪዩም ውስጥ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ የቀረ ክሎሮፎርም ሕዋስ ይገድላል። ከዚያ ብዙ የተጣራ ውሃ ውስጥ 48 ሰዓት ይዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ እየቀየሩ።

ጥያቄ፦ ጨው ማለቁን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በሁለት መንገድ። መጨረሻ ከተቀየረው ውሃ ትንሽ ቀድተው የብር ናይትሬት ጠብታ ይጨምሩበት፤ ወተት ከመሰለ ጨው አለ። (ጓንት ያድርጉ፣ ጣት ያጠቁራል።) ሁለተኛው ሚዛን ነው፦ ደርቆ ሲመዘን ከመዘፍዘፉ በፊት ከነበረው አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት። ከ40 ዲግሪ በላይ አያድርቁት፤ ፒሲኤል 60 አካባቢ ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ ጨው 90 በመቶ ከሆነ 90 በመቶው ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይህ ስህተት በየመመረቂያ ጽሑፉ አለ። 90 የክብደት ነው፤ ባዶ ቦታ የሚለካው በይዘት ነው። ጨው በሚሊ ሊትር 2.16 ግራም፣ ፒሲኤል 1.145 ግራም ይመዝናል። 9ን ለ2.16 ሲያካፍሉ 4.17፣ 1ን ለ1.145 ሲያካፍሉ 0.87 ሚሊ ሊትር ይወጣል፤ ስለዚህ ባዶው 83 በመቶ ገደማ ነው። ጨውን ከ70 በመቶ በታች አያውርዱት፣ ቅንጣቶቹ ካልተነካኩ ፖሊመሩ ውስጥ ታስረው ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ ከላይ ልሙጥ ቆዳ ይሠራብኛል።

መልስ፦ ክሎሮፎርሙ በዝቷል። ጨው ይከብደውና ይዘቅጣል፣ ንጹሑ ፖሊመር ላይ ቀርቶ ይደርቃል። እያማሰሉ ትንሽ ያትንኑትና እንደ ገንፎ ሲጠነክር ይሙሉት። የተሠራውን ቆዳ በምላጭ ይግፈፉ፤ አለበለዚያ ውሃም ሕዋስም አያስገባም።

ጥያቄ፦ የሕዋስ ምግቡ (ሕዋስ የሚያድግበት ፈሳሽ) ላይ ይንሳፈፋል፤ ኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ባደርገውስ?

መልስ፦ 121 ዲግሪ ላይ ቀልጦ ኩሬ ይሆናል። የሚያንሳፍፈው ቀዳዳው ውስጥ የተያዘ አየር ነው፤ ፒሲኤል ውሃ አይወድም። 70 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይክተቱና አረፋው እስኪያቆም ቀላል ቫኪዩም ይስጡት፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ፒቢኤስ (ለሕዋስ የሚስማማ የጨው መፍትሔ) ሦስት ጊዜ ይለውጡለት፣ በመሃል ሳይደርቅ። ከደረቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ኢታኖል የባክቴሪያ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ስለማይገድል እንስሳ ላይ ለሚተከል አይበቃም፤ ለዚያ ኢትሊን ኦክሳይድ ወይም ጋማ ጨረር ነው፣ ጋማው የፖሊመሩን ሰንሰለት እንደሚቆራርጥ ሳይዘነጋ።

ጥያቄ፦ ስንት ሕዋስ፣ በስንት ፈሳሽ?

መልስ፦ ወሳኙ ፈሳሹ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ናሙና 39 ማይክሮ ሊትር ይዘት አለው፣ የሚይዘውም 32 ገደማ ነው። 500,000 ሕዋስ በ30 ማይክሮ ሊትር አድርገው መሃሉ ላይ ያንጠባጥቡ። የናሙናውን እርጥበት አስቀድመው በንጹሕ ማጣሪያ ወረቀት ጠርዝ ይምጠጡ፣ አለዚያ ጠብታው ዳር ዳር ይፈሳል። 37 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ቆይቶ ምግቡን ይሙሉ። 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አይሥሩ፦ ምግቡ ካልፈሰሰበት መሃል ያለው ሕዋስ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል፣ ጠርዙ ብቻ ይለመልማል።