ከፍቺ በኋላ በሕመም አልጋ ላይ የሚወስንላችሁ ማን ነው?

ልጆቼ፣

በሰሜን ቨርጂኒያ ሆስፒታሎች በማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያነት ስሠራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሕመምተኛው መናገር ሲያቅተው ቤተሰቡን ሰብስቤ ሐኪሞቹ የማንን ቃል መስማት እንዳለባቸው ማጣራት ከሥራዎቼ አንዱ ነበር። ይህን የምጽፈው በተለይ ትዳራችሁ ለፈረሰ ወይም ሊፈርስ ለተቃረበ ወጣቶች ነው። እናቶቻችን ቢሰሙኝ «ምነው፣ ሟርት!» ይሉኛል። ይበሉ።

አስቀድሞ የተፈረመ የጤና ውክልና፣ ማለትም መናገር ሲያቅታችሁ ማን እንዲወስንላችሁ የምትመርጡበት ሰነድ፣ ከሌለ የቨርጂኒያ ሕግ ወሳኙን በተራ ይፈልጋል። ፍርድ ቤት የሾመው ሞግዚት ካለ እሱ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ባል ወይም ሚስት፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ወላጆች፣ እኅትና ወንድም፣ ቀጥሎም ሌሎች የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ባል ወይም ሚስት ከዚህ ተራ የሚወጡት የፍቺ አቤቱታ ፍርድ ቤት ከገባ ጀምሮ ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ እስኪሰጥ አይጠበቅም። አቤቱታ ካልገባ ግን ለዓመታት በተለያየ ከተማ ብትኖሩም በሕግ ፊት ባልና ሚስት ናችሁ።

የእኛ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዕቃ ይከፈላል፣ ልጆቹ ቅዳሜና እሑድን ከማን ጋር እንደሚያሳልፉ ይወሰናል፤ ከዚያ ሁሉም «ተፋተናል» ብሎ ወደየሥራው ይሄዳል። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ስለነበር ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እዚያም ቢሆን የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሥልጣኑን ወደ ፍርድ ቤት አዛውሮታል። አሜሪካ ውስጥማ ሽማግሌ ያፈረሰው ትዳር በወረቀት ላይ እንዳለ ነው።

አንድ የታክሲ ሹፌር በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበር። ከባለቤቱ የተለያየው በሽማግሌ ነው። አብራው የምትኖረው፣ የደም ግፊት ክኒኑን በየማለዳው የምታስታውሰው እኅቱ ናት። በስብሰባው ክፍል ጫማውንና ስልኩን የያዘውን የሆስፒታል ፌስታል ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ስልኩ በፌስታሉ ውስጥ ደጋግሞ ይጠራል። ሐኪሙ ግን ፊቱን ያዞረው ከሌላ ክፍለ ሀገር በሌሊት በርራ ወደ ደረሰችው ሚስቱ ነበር። ሴትየዋ ደነገጠች። «እኔ ምን አውቃለሁ? እሷን ጠይቋት እንጂ» አለች። ሐኪሙ ግን ከእሷ አፍ መስማት ነበረበት። ስለዚህ አንድ ነገር በተጠየቀች ቁጥር ወደ እኅቱ ዞራ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ የሰማችውንም መልሳ በእንግሊዝኛ ትነግረዋለች። ደግ ሴት ናት። ቂም የያዘ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥስ?

የቴሪ ሻይቮን ታሪክ ልጆች ሳላችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍሎሪዳ ውስጥ ልቧ ቆሞ አእምሮዋ ሲጎዳ 26 ዓመቷ ነበር፤ የተፈረመ ሰነድ አልነበራትም። ባሏ ማይክል በኋላ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀምሮ ልጆች ወልዷል፤ ትዳሩ ግን አልፈረሰም፣ ሞግዚትነቱም ከእጁ አልወጣም። እሱ የምግብ ቱቦው ይነቀል ሲል ወላጆቿ አይነቀልም አሉ። ሙግቱ ከፍርድ ቤት እስከ አገሪቱ ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት ድረስ ሄደ። ቱቦው ተነቅሎ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2005 መጨረሻ ላይ አረፈች። ባልየው ትክክል ነበር ወይስ ወላጆቹ በሚለው እስከ ዛሬ ሰው ይከራከራል። እኔን የሚቆጨኝ ግን እሷ ራሷ ማንን ትመርጥ እንደነበር በጽሑፍ አለመኖሩ ነው።

ፍርዱ ወጥቶ በእርግጥ ከተፋታችሁስ? የቀድሞው ባል ወይም ሚስት ከተራው ይወጣል፣ ቀጣዩ ይተካል። ልጆቻችሁ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ አይቆጠሩም፤ ስለዚህ ነገሩ ወላጆቻችሁ ላይ ይወድቃል። ወላጆቻችሁ ደሴ ወይም ጎንደር ከሆኑ ሐኪሙ በስልክ ሊያገኛቸው ይሞክራል። ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችሁ «አባቴ አይድንም» የሚለውን ለአያቱ እንዲተረጉም ማንም አይጠይቀው፣ ቢጠየቅም እምቢ በሉ። ወላጅ ከሌለ እኅትና ወንድም ይጠየቃሉ፤ ካልተስማሙ በቨርጂኒያ ሐኪሙ የብዙኃኑን ቃል መከተል ይችላል። ሁለት ብቻ ሆነው ከተለያዩ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አሁን አብራችሁ የምትኖሩት፣ ግን ያልተጋባችሁት ሰውም አለ። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ሕጉ በቤት ውስጥ አጋርነት የሚታወቀውን ሰው ከትዳር ጓደኛ ጋር እኩል ያስቀምጠዋል። በቨርጂኒያ ግን ከሩቅ የአጎት ልጅ በታች ነው። ድልድይ ተሻግሮ መብት ሲለወጥ ማየት ያስገርማል፤ የምትኖሩበትን ክፍለ ሀገር ሕግ ጠይቁ።

በትዳር ዘመናችሁ ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን ወኪል አድርጋችሁ የፈረማችሁት ሰነድ ካለም አውጥታችሁ ተመልከቱት። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ፍቺው ውክልናውን ይሽረዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ታርቃችሁ እንደገና ብትጋቡ ውክልናው ነፍስ ይዘራል፤ ሕግ አውጪዎቹ የሰውን ጠባይ ያውቃሉ ማለት ነው። ሌላው ክፍለ ሀገር ሌላ ሊል ስለሚችል ፍርዱን በያዛችሁበት ሳምንት አዲስ ሰነድ ፈርሙ። በቨርጂኒያ የሚያስፈልገው ሁለት አዋቂ ምስክር ብቻ ነው፤ ጠበቃ አያሻም፣ ማኅተምም አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስላለ ሆስፒታል ስትገቡ «እንዲህ ያለ ሰነድ አላችሁ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። አብዛኛው ሰው ከወረቀቱ ክምር መካከል «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። አትለፉት።

ማንን ትወክሉ? በለቅሶ ቤት ደረቱን አብዝቶ የሚደቃውን ተዉት። ሐኪሙን ዐይን ዐይኑን አይቶ «አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የሚለውን ምረጡ። ዘመድ መሆን የለበትም። ወኪሉ የሚናገረው የእናንተን ፈቃድ ስለሆነ ፈቃዳችሁን ንገሩት፦ መሣሪያው ተስፋ ሳይኖር እንዲቀጥል ትፈልጋላችሁ? ከመነቀሉ በፊት የንስሐ አባታችሁ ይጠራላችሁ?

የቀድሞ ባላቸውን ራሳቸው መርጠው የወከሉ ሴቶችም ገጥመውኛል። አንዷ «እንደ ባል አልሆነልኝም፣ ለልጆቼ አባትነቱ ግን እንከን የለውም፤ ደግሞም ነርስ ነው» ብላኛለች። ይህ ይፈቀዳል፤ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን ግን ከፍቺው በኋላ ይሁን፣ አለዚያ «ይህ በፍቺው የተሻረው አሮጌ ሰነድ ነው» ብሎ የሚከራከር ይመጣል። እንዲህ ካደረጋችሁ ለወንድሞቻችሁ ዛሬውኑ ንገሯቸው። ያ የተጣሉት ሰው እስክሪብቶ ይዞ ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር መጀመሪያ የሚያዩት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከሆነ፣ የጸጥታ ሠራተኛ መጥራት የሚመጣው በእኔ ተተክታ በምትሠራው ልጅ ላይ ነው።