የከረመ ካራቫን፦ ተጎትቶ ይሂድ ወይስ ተጭኖ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር፣ ሸንኮር ነው። አባታችን ከአንድ የመንገድ ሥራ ፕሮጀክት በጨረታ የገዙት ባለ ሁለት ጎማ ካራቫን በግቢያችን ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ቁመናው ደህና ነው፤ በሩና መስኮቶቹ በደንብ ይዘጋሉ፤ ጎማዎቹም አየር ጨረሱ እንጂ ጥርሳቸው አላለቀም። ቢሾፍቱ የምትኖረው እኅቴ ለልብስ ስፌት ሥራዋ ልትገለገልበት ስለፈለገች ወደዚያ ልወስደው አስቤያለሁ። የሰፈራችን መካኒክ “ጎማውን ነፍተን፣ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን ባለ ሮለር ቀለበት) ግራሶ ቀብተን በደብል ጋቢና ፒክአፕ እንጎትተዋለን” ይላል፤ ሌሎች ደግሞ በጭነት መኪና ካልሆነ እንዳትሞክረው ይሉኛል። የትኛው ይሻላል? ምን ዓይነት ጥንቃቄስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ከሐረር ቢሾፍቱ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለዚህ ርቀትና ለዚህ መንገድ የምመክርዎት ካራቫኑ ተጭኖ እንዲሄድ ነው። መካኒክዎ ያሉት ሥራ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ የቆመ ተጎታች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በሚታየው አካሉ ሳይሆን በተሸፈነው ነው፤ ጉዳቱም የሚገለጠው ግቢ ውስጥ ሲገፉት ሳይሆን ክብደት ተሸክሞ በፍጥነትና በሙቀት ለሰዓታት ሲሽከረከር ነው።

መንገዱን እርስዎም ያውቁታል። ከሐረር ተነሥቶ በሐረማያና በደንገጎ መገንጠያ በኩል ቁልቢን፣ ጨለንቆን፣ ሂርናንና ጭሮን የሚያልፈው አውራ ጎዳና የጨርጨርን ተራሮች ሽቅብና ቁልቁል እያለ ያቋርጣል፤ ከጭሮ በኋላ ወደ ሚኤሶና ወደ አሰቦት ይወርድና አዋሽ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ በማለዳ ብርድ የተነሣ ተጎታች ከቀትር በኋላ በአዋሽና በመተሐራ በጋለ አስፋልት ላይ ይሆናል ማለት ነው። በቆላው በኩል ግመልና ፍየል ድንገት መንገድ ስለሚገባ፣ ፍሬን በኃይል መያዝም የማይቀር ነገር ነው።

የጎማው ጥርስ አለማለቁ እንዳያዘናጋዎት አደራ እላለሁ። ጎማ ሳይሄድም ያረጃል፤ በፀሐይ ጎኑ ይሰነጠቃል፤ አየር አጥቶ በአንድ በኩል ክብደት ተሸክሞ ሲቆምም ውስጣዊ ክሩ ይጎዳል። የተመረተበትን ጊዜ ለማወቅ በጎኑ ላይ “ዶት” (DOT) ተብለው የሚነበቡት ሦስት ፊደላት የሚጀምሩትን ተርታ ይፈልጉ፤ በመጨረሻው ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀሪዎቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። 2309 የሚል ጎማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 የተመረተ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው የተመረተው ከፈረንጆቹ 2000 በፊት ነው። የካራቫን ጎማ ከተመረተ ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላው መቀየር ይገባዋል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ለረጅም ጉዞ አይታመንም። ትርፍ ጎማውም በዚሁ ሕግ ይታያል። አዲስ ሲገዙ ለቤት መኪና የሚሆን ተራ ጎማ ሳይሆን፣ ከካራቫኑ ሙሉ ክብደት ጋር የሚመጣጠን የመሸከም ዐቅም ያለውን እንዲሰጡዎት ጎሚስታውን ይጠይቁ።

ኩሽኔታውን በተመለከተ ላዩን ግራሶ መቀባት ምንም አይፈይድም። የቆየው ግራሶ ደርቆ ወይም ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሮለሮቹ ለዓመታት በአንድ ቦታ ባረፉበት ላይም ዝገት ትንንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) ወልቆ፣ ኩሽኔታው በናፍጣ ታጥቦና ደርቆ በብርሃን መታየት አለበት፤ ነጠብጣብ ወይም የመቃጠል ሰማያዊ ቀለም ከታየበት ግራሶው እንዳይወጣ ከሚዘጋው የማኅተም ጎማ ጋር ይቀየራል። አንዳንድ የኋለኛ ዘመን ሥሪቶች የታሸገ ኩሽኔታ ስላላቸው ግራሶ አይሞላባቸውም፤ ሲበላሹ እንዳሉ ይቀየራሉ። ጉዞ ላይ የነከሰ ኩሽኔታ ጎማውን ከነቸርኬው እስከ መጣል ስለሚደርስ፣ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ ትክክል አይደለም።

ታምቡሩ ሲወልቅ ፍሬኑም አብሮ ይታያል። ካራቫኑ የቆመው የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ከሆነ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን በመኪና እየጎተቱ ለማላቀቅ መሞከር ሸራውን ከነብረቱ ይገነጥለዋል። የአብዛኞቹ ካራቫኖች ፍሬን የሚሠራው በግፊት ነው፦ ጎታቹ ፍጥነት ሲቀንስ ካራቫኑ ከኋላ ይገፋዋል፤ መጎተቻው ወደ ውስጥ ይገባና ዘንጉን ስቦ ፍሬኑን ይይዛል። ዘንጉ ከዛገ ወይም የመጎተቻው ማለዘቢያ ከሞተ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ፍሬን የሌለው አንድ ቶን ከኋላ ይዞ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ መውረድ ደግሞ ለማንም የማልመኘው ነገር ነው።

በመጨረሻ ከሥር ገብተው ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ዝገቱ እየተቀረፈ ጤነኛ ብረት ካልደረሱ ብየዳ ያስፈልጋል። በውስጥ በኩል የግድግዳውንና የወለሉን ማዕዘኖች በአውራ ጣትዎ ይጫኑ፤ ለስለስ ካለ ከላሜራው ጀርባ ያለው እንጨት በእርጥበት በስብሷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት ተጎትቶም ሆነ ተጭኖ መንቀጥቀጡን የሚችል መሆኑ ያጠራጥራል።

እንግዲህ ስለ መጫን። ወለሉ ዝቅ ያለ ሎቤድ ቢገኝ ይመረጣል፤ ከፍ ያለ መኪና ላይ ሲወጣ የካራቫኑ ቁመት ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ2.5 ሜትር ስለሚበልጥ ጣሪያው የሰፈር ኤሌክትሪክ ሽቦ ሊነካ ይችላል። ከመሬት እስከ ጣሪያው የአየር መውጫ ድረስ ለክተው የመኪናውን ወለል ከፍታ ይደምሩና ከግቢዎ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍ አስቀድመው ይዩ። ለመጫንም ጎማው አየር መያዝና መሽከርከር ስላለበት ከላይ ካልኩት ሥራ ፈጽመው አይድኑም፤ የሚድኑት ከረጅሙ መንገድ አደጋ ነው።

በክሬን ለማንሣት የሚቀርብልዎትን ሐሳብ በጥርጣሬ ይቀበሉ። ገመዱ በአካሉ ዙሪያ ከታሰረ ግድግዳውን ይጨመድደዋል፤ የግድ ከሆነ ማንሻው በአክስሉና በሻንሲው ሥር ያልፋል፤ ከላይም ገመዶቹን ከግድግዳው የሚያርቅ አግዳሚ ብረት ይገባል። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው የመኪናው ወለል ከአፈር ደልዳላ ጋር የሚስተካከልበት ቦታ ፈልጎ ካራቫኑን በቀስታ እየገፉ ማስገባት ነው። አፍንጫው ወደ ፊት ይሁን፤ የጣሪያ ክዳኖቹና መስኮቶቹ የተሠሩት ከፊት ለሚመጣ ነፋስ ነውና ተገልብጦ ከተጫነ ነፋሱ ክዳኑን ከሥሩ ሊያነሣው ይችላል።

ማሰሪያው በጣሪያው ላይ እንዲያልፍ ፈጽሞ አይፍቀዱ። ጭነት አሳሪዎች ልማዳቸው ስለሆነ እንዲህ ሊያደርጉ ይነሣሉ፤ የካራቫን ግድግዳ ግን ቀጭን ላሜራና እንጨት ነው። ከአክስሉና ከፊተኛው የመጎተቻ ብረት ተነሥቶ በአራት አቅጣጫ፣ ተሻግሮ ይታሰር። በእያንዳንዱ ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ገብቶ በወለሉ ላይ በሚስማር ይያዝ፤ ከሻንሲው ሥርም ወፍራም እንጨት ተደርጎ የጎማውን መንጠር ይቀንስ። በአራቱ ማዕዘን ያሉት እግሮች ለማረጋጋት እንጂ ክብደት ለመሸከም ስላልተሠሩ ተጠቅልለው ይነሡ። ሐረማያ ሲደርሱ ቆመው ማሰሪያውን ያጥብቁ፤ ጭሮም ላይ ይድገሙት። የጋዝ ሲሊንደሩና ባትሪው ወጥተው፣ የውኃው ጋን ባዶ ሆኖ፣ የቁም ሣጥኑ በሮች ታስረው መሄድ አለባቸው።

መጎተት ግድ ከሆነ ደግሞ፣ የካራቫኑ ክብደት ከጎታቹ ባዶ ክብደት 85 በመቶ አይብለጥ፤ በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን፤ ይኸውም ለ1,000 ኪሎ ካራቫን ከ50 እስከ 70 ኪሎ ነው፤ በሰው ሚዛን ላይ እንጨት አቁሞ መለካት ይቻላል። መጎተቻው ትክክለኛው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ እንጂ በየጋራዡ የሚበየደው ጋንቾ እንዳይሆን፤ ድንገት ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበው ገመድም ከመኪናው ጋር ይያያዝ። ፍጥነቱ ከ60 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ካራቫኑ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን ሳይረግጡና መሪ ሳያዟዙሩ እግርን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት ነው። በየማረፊያው የጎማውን እምብርት በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩት፤ ከሁለቱ አንዱ ለይቶ ከጋለ ጉዞው እዚያው ይቆማል። የካራቫኑ መብራት 12 ቮልት መሆኑንም አይርሱ፤ አብዛኞቹ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለሆኑ በእነርሱ ቢጎተት አምፖሎቹ ይቃጠላሉ።

ስለ ሰነድ አጭር ነገር ልጨምር። ካራቫኑ ከፕሮጀክት የተገዛ ስለሆነ በቀረጥ ነጻ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የጨረታው ውል ብቻውን አይበቃም፤ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሊኖርዎት ይገባል። አዋሽ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ ስላለ ይህን ከሐረር ሳይነሡ ይጨርሱ። ቀኑን ሲመርጡም ታኅሣሥ 19ንና ሐምሌ 19ን፣ ከነዋዜማቸው፣ ይተዉ፤ በቁልቢ ገብርኤል በዓል ያ ጠባብ መንገድ በተሽከርካሪና በእግረኛ ይሞላል።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ለዓመታት የቆመ ትንሽ ካራቫን ወደ ሐረር ላወጣ ነው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ለዚህም ይህ ሁሉ ዝግጅት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ርቀቱ አጭር ስለሆነ ጎማው፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ታድሰው ከታዩ ተጎትቶ ቢሄድ አልቃወምም፤ ዝግጅቱ ግን አይቀንስም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ በጠመዝማዛ መንገድ ትወጣላችሁ፤ የሚፈተነውም የጎታቹ ሞተርና ፍሪሲዮን ነው። የድሬዳዋ ፀሐይ የመስኮቱን ፕላስቲክና የማኅተም ጎማውን ስለሚያደርቅ፣ መስኮቶቹ ሲነካኩ የሚሰባበሩ ከሆነ ከጉዞው በፊት በሰፊ ፕላስተር ይሸፈኑ። ጉዞው ገና ሲነጋ ይሁን። ሁለት ትልልቅ ታኮ የያዘ ረዳት ይኑርዎት፤ ሽቅብ ላይ መቆም ግድ ቢሆን ረዳቱ ታኮውን የሚያስገባው ከጎን ሆኖ እንጂ በካራቫኑ ጀርባ ቆሞ እንዳይሆን አስቀድመው ይንገሩት።