በውክልና የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ዱባይ ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ። ስምንት ዓመት ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አግኝቶልኛል። ባለቤቱ ቤቱን ከተረከበ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ፊኒሺንግ አልተሠራለትም፣ ሰውም ገብቶበት አያውቅም። አምስት ዓመት እስኪሞላው ስም ማዞር ስለማይቻል፣ ሻጩ "ውክልና ልስጣችሁ፣ ገንዘቡን ደግሞ እንደ ብድር እንፈራረም" ይላል። ወንድሜም ሰው ሁሉ የሚገዛው እንዲህ ነው አለኝ። ሐሳቤ ቤቱን አሠርቼ ማከራየት ነው። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ የቀረው ስምንት ዓመት የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አላድበሰብስም። ይህን ቤት በዚህ መንገድ አይግዙ።

ወንድምዎ ያለው ውሸት አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ይገዛል፤ ደህና የሚወጣም አለ። እኔ ቢሮ የሚመጡት ግን ያልቀናቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ ሰነዷን በሰማያዊ ክላሰር አስራ መጣች። ውክልናው አለ፣ የብድር ውሉ አለ፣ ገንዘቡ የገባበት የባንክ ደረሰኝ አለ። ሻጩ ግን ከሞተ አራት ወር ሆኖታል። ወራሾቹ የበሩን ቁልፍ ቀይረዋል። የሳሎኑን ሴራሚክ ያስነጠፈችው እሷ ናት፤ አሁን በመስኮት ነው የምታየው። ከረጅም ክርክር በኋላ ያስመለስንላት ገንዘቧን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ። በዚያ ብር ያን ጊዜ ስቱዲዮ እንኳን አይገዛም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውክልና ማለት አንድ ሰው ሌላውን «በስሜ ሆነህ ሥራልኝ» ማለቱ ነው። ቤቱ የወካዩ እንደሆነ ይቆያል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። ሲሞት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናውም አብሮት ያበቃል። «የማይሻር» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳን በዚያ ቃል ተማምነው ገንዘብ አይክፈሉ።

የብድር ውሉም አያድንም። ብድር ነው ብለው ከፈረሙ፣ ፍርድ ቤት የሚጠይቁት ብድር ነው። ቤት አይደለም። ሽያጭ ነበር ብለው ቢከራከሩ ደግሞ በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ፊትዎ ይቆማል። ውሉ ፈራሽ ሲሆን ሁለታችሁም ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። እሱ ቤቱን፣ እርስዎ ብርዎን። የቤት ዋጋ በየዓመቱ በሚወጣበት ከተማ ይህ ለማን እንደሚያመዝን ያውቁታል።

በዚህ ገንዘብ አምስት ዓመቱን የጨረሰና በሻጩ ስም ካርታ የወጣለት ቤት ይፈልጉ። ዋጋው ከፍ ይላል። ልዩነቱን የእንቅልፍዎ ዋጋ አድርገው ይቁጠሩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ለእኛ ይህ ማለት ውልና ማስረጃ ቀርቦ መፈራረም ነው። ሰፈር ውስጥ ሦስት ምስክር ጠርቶ የተፈረመ ወረቀት ለጭቅጭቅ እንጂ ስም ለማዞር አይሆንም።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ያስጣሩ። አንደኛው ዕዳና እገዳ ነው። ብዙ ኮንዶሚኒየም በባንክ ብድር የተገዛ ስለሆነ ዕዳው ሳያልቅ ቤቱ መያዣ ነው። ሻጩ ያሳየዎት ካርታ ኮፒ ይህን አይነግርዎትም፤ መዝገቡ ካለበት ቢሮ ነው የሚጠየቀው። ሁለተኛው ትዳር ነው። ዕጣው በባል ስም ብቻ ቢወጣም በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ቤት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመችው ሚስት ሽያጩን ካወቀች በኋላ በስድስት ወር ውስጥ፣ ባታውቅም በሁለት ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ትችላለች። ስለዚህ ሚስትየው ቀርባ ትፈርም። የለኝም ካለ ያላገባ ወረቀት ያምጣ። ተፋትቻለሁ ካለ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያሳይ።

ዋጋው በውሉ ላይ በትክክል ይጻፍ። «ለግብር እንዲቀንስ አሳንሰን እንጻፍ» ይባላል። ነገ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎት የተጻፈው ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ በሚያረጋግጠው የክፍያ ሰነድ) ይሁን፣ የሚሰጠውም በፊርማው ቀን።

አሁን ወደ ኪራዩ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ በቃል ማከራየት አብቅቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። «የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀብዬ በእሱ አስጨርሰዋለሁ» የሚል ዕቅድ ካለዎት ይተዉት። ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

ለእርስዎ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ተከራይቶ የማያውቅ ቤት የመጀመሪያ ኪራይ በሁለቱ ወገን ስምምነት ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ግን ጭማሪ የሚኖረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ አስተዳደሩ በሚያሳውቀው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱን በግማሽ አሠርቶ በርካሽ ማስገባት፣ «ቀሪውን ስጨርስ እጨምራለሁ» ማለት፣ እጅዎን ያስራል። መጸዳጃ ቤቱን፣ ኪችኑን፣ ቀለሙን ጨርሰው ነው ተከራይ የሚያስገቡት። የገዙት ቤት ቀድሞ ተከራይቶ ከነበረ ግን የድሮውን የተመዘገበ ውል ከሻጩ ይጠይቁ፤ ሂሳብዎን የሚሠሩት ከዚያ ተነስተው ነው።

ሲያሠሩ ግድግዳ አያስፈርሱ። ሳሎንና ኪችን ለመቀላቀል የሚያስፈርሱ ሰዎች አሉ። የኮንዶሚኒየም ምሰሶ፣ ተሸካሚ ግድግዳና የቧንቧ መስመር የጋራ ነው። ክፍለ ከተማው ሳይፈቅድ የተነካ ግድግዳ የታችኛውን ጎረቤት ቤት ሲያሰነጥቅ ካሣ ከፋይዋ እርስዎ ነዎት። የዕቃና የባለሙያ ደረሰኝ ሁሉ ይሰብስቡ። የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፤ ግብር ቢሮ ፊት ወጪዎ የሚታመነው በደረሰኝ ነው።

የመጨረሻው የወንድምዎ ጉዳይ ነው። እርስዎ ዱባይ ስላሉ እሱን መወከልዎ አይቀርም። ቆንስላ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ» የሚል የተዘጋጀ ጽሑፍ ይሰጥዎታል። ያንን ያስወጡ። ወንድምዎን ስለጠረጠርኩ አይደለም። እሱም ነገ ባለዕዳ ሲያስጨንቀው ወይም ዘመድ ሲለምነው «ሥልጣኑ የለኝም» ብሎ እንዲገላገል ነው። ውክልናው በእርስዎ ስም እንዲገዛ፣ ካርታ እንዲረከብ፣ እንዲያሠራ፣ እንዲያከራይና ግብር እንዲከፍል ብቻ ይበል። ኪራዩ በቀጥታ በእርስዎ ሂሳብ ይግባ። ቆንስላው ያረጋገጠውን ውክልና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ ነው ወንድምዎ ውልና ማስረጃ ይዞት የሚሄደው።

ለሻጩ ደግሞ ዛሬውኑ ይደውሉለት። ቀብድ ካልሰጡ ነገሩ በአንድ ስልክ ያልቃል። ሰጥተው ከሆነ ግን ደረሰኙንና የተጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ እንዴት እንደምናስመልሰው ያኔ እናያለን።